ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን በራስ የማስላት መመሪያ

ዘመዱን ወደ አሜሪካ የሚሸኝም ሆነ ከአሜሪካ የሚቀበል ሰው ሳይጠይቀኝ የማያልፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ትኬታቸውን አይተው የራሳቸውን ሒሳብ ሠርተው ስለሚመጡ ጥያቄው በክርክር መልክ ይቀርባል። ከቦሌ በ22:30 ተነስቶ በማግስቱ በ08:10 የሚደርስ ትኬት የያዘው «ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው» ይላል፤ ከዋሽንግተን በ11:00 ተነስቶ በማግስቱ በ07:00 ቦሌ የሚያርፍ ትኬት የያዘው ደግሞ «ሃያ ሰዓት ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ጊዜው ሐምሌ ከሆነ የመጀመሪያው ጉዞ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 13 ሰዓት ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ እነዚህን ሰዓታት ለምሳሌነት ብቻ ስለምጠቀምባቸው እርስዎ በየደረጃው በራስዎ ትኬት ላይ ያሉትን ቁጥሮች ይተኩባቸው። አሠራሩ ለማንኛውም ሁለት ከተሞች ያገለግላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትኬቱ ወይም የጉዞ ፕሮግራሙ፣ ከነማረፊያ ቦታዎቹ በሙሉ፤
- ሳይንና ኮሳይን የሚሠራ ካልኩሌተር፤ የስልክዎ ካልኩሌተር ወደ ጎን ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ቁልፎች ያወጣል፤
- ካልኩሌተሩን ለማይፈልግ ሰው ሉል፣ የማይለጠጥ ክርና ማስመሪያ፤
- ወረቀትና እርሳስ። በቃል ማስላት በተለይ ቀኑ በሚቀየርበት ቦታ ላይ ያሳስታል።

ደረጃ 1፦ የሚነሱበትንና የሚያርፉበትን አውሮፕላን ማረፊያ ለይተው ይጻፉ

ከከተማው ስም ይልቅ የማረፊያውን ስም ይጻፉ፤ ምክንያቱም አንድ ከተማ ብዙ ማረፊያ ሊኖረው ይችላል። ዋሽንግተን የሚለው ስም በትኬት ላይ ሦስት ማረፊያዎችን ሊያመለክት ይችላል፤ እነሱም በቨርጂኒያ ያለው ዱልስ፣ ከመሀል ከተማው አጠገብ ያለው ሬገን እና በሜሪላንድ ያለው የባልቲሞር ማረፊያ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ የሚያርፈው በዱልስ ነው። ዱልስ ከከተማው ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሊቀበል የሄደ ሰው ሬገን ቆሞ ቢጠብቅ ማንንም አያገኝም።

ጥንቃቄ፦ ዋሽንግተን የሚባል ክፍለ ግዛትም አለ። ሲያትል የሚገኘው በዚያ ክፍለ ግዛት፣ በሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ ሲሆን የሰዓቱም ልዩነት ከዋና ከተማው በሦስት ሰዓት ይለያል። «ልጄ ዋሽንግተን ነው» ያለዎት ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ ስሌት አይጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ወደ አስርዮሽ ይቀይሩ

በካርታ ላይ የማረፊያው ቦታ በኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው) እና በኬንትሮስ (በለንደን ግሪንዊች ከሚያልፈው መነሻ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለው)፣ በዲግሪና በደቂቃ ይጻፋል። ደቂቃውን ለ60 አካፍለው በዲግሪው ላይ ይደምሩ። ቦሌ 8 ዲግሪ ከ58.7 ደቂቃ ሰሜን ስለሆነ 58.7 ለ60 ሲካፈል 0.978፣ ድምሩም 8.978 ይሆናል። በዚሁ ዓይነት የሚገኙት ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው፦

- ቦሌ፦ ኬክሮስ 8.978፣ ኬንትሮስ 38.799
- ዱልስ፦ ኬክሮስ 38.945፣ ኬንትሮስ −77.456

የመቀነስ ምልክቱ ዱልስ ከግሪንዊች በስተምዕራብ መሆኑን ያሳያል፤ የደቡብ ኬክሮስም እንዲሁ በመቀነስ ይጻፋል። ይህች ትንሽ ሰረዝ በስሌቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የምትረሳው ናት። ከቀረች ዱልስ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ተዘዋውሮ እስያ ውስጥ ይገባና ርቀቱ 5,085 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይወጣል፤ ከእውነተኛው ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ይለኩ

*በክር ለሚለካ ሰው።* በመጀመሪያ ክሩን በሉሉ የምድር ወገብ ላይ ዙሪያውን ጠምጥመው ርዝመቱን በማስመሪያ ይለኩ። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህን ቁጥር ለክሩ ርዝመት ሲያካፍሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወክል ያገኛሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሉል ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ይይዛል። ከዚያ የክሩን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በጣትዎ ይዘው ሌላውን ጫፍ ወደ ዋሽንግተን እየሳቡ እስኪወጠር ድረስ ያጥብቁት። ክሩ ሲወጠር ራሱ አጭሩን መንገድ ይይዛል፤ እርስዎ ወደፈለጉት አቅጣጫ አይግፉት። የሚያገኙት 27 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው።

*በካልኩሌተር ለሚያሰላ ሰው።* ካልኩሌተሩ በዲግሪ እንጂ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ እንዳልተዘጋጀ ካረጋገጡ በኋላ እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ) የሁለቱን ኬንትሮሶች ልዩነት ይውሰዱ፦ 38.799 − (−77.456) = 116.255።
ለ) የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ፦ 0.15606 × 0.62857 = 0.09809።
ሐ) የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን ካባዙ በኋላ በኬንትሮሱ ልዩነት ኮሳይን ያባዙት፦ 0.98775 × 0.77775 × (−0.44237) = −0.33984።
መ) ሁለቱን ይደምሩ፦ −0.24175 ገደማ።
ሠ) የዚህን ቁጥር የኮሳይን ተገላቢጦሽ (cos⁻¹ በሚለው ቁልፍ) ያውጡ፤ 104 ዲግሪ ያህል ይሰጥዎታል።
ረ) ዲግሪውን በ111.19 ያባዙ፤ አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ ያን ያህል ኪሎ ሜትር ነውና። ውጤቱ 11,563 ኪሎ ሜትር ነው።

ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች ይህ ስሌት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ሊዛነፍ ይችላል፤ ለጉዞ ሰዓት ግን የሁለትና የሦስት ደቂቃ ጉዳይ በመሆኑ አያስጨንቅም። ውጤቱን በማይል የሚፈልጉ ከሆነ ለ1.609 ያካፍሉ፤ 7,187 ማይል ይሆናል። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ግን 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁለቱን ማይሎች አይቀላቅሉ።

ጥንቃቄ፦ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ አይለኩ። በዚያ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ቀጥታ መስመር ቢያሰምሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ ያልፋል። በሉል ላይ የተወጠረው ክር ግን ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ያቋርጥና በደቡብ ስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል። በውቅያኖሱ መካከል ከሁለቱም ከተሞች ይልቅ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ 45 ዲግሪ አካባቢ ይደርስና ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። መስመሩ በካርታው ላይ ሲሳል ጠማማ ቢመስልም አጭሩ እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ በረራው የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ቆጥረው እያንዳንዱን ጉዞ ለየብቻ ያስሉ

ትኬቱ ላይ «ያለማቋረጥ» እና «ቀጥታ» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። ቀጥታ የተባለ በረራ የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር በመንገድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት በደብሊን ነዳጅ እየሞላ ሲሄድ፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ቦሌ ይገባ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በሳሳ አየር ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ስለሚቀንስ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ዱልስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ስላለ ይህ ችግር የለበትም። ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው፤ እሱን በሚቀጥለው ደረጃ እናየዋለን።

አሁን በደረጃ 3 አሠራር ከቦሌ ደብሊን ቢያሰሉ 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ዱልስ ደግሞ 5,464 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ ድምሩ 11,829 ነው። ደብሊን በካርታ ላይ ሲታይ ትልቅ ዙረት ቢመስልም በርቀቱ ላይ የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ፣ ማለትም ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ በረራ ነው። በአንጻሩ በዱባይ በኩል ቢሄዱ 2,519 እና 11,355 ተደምረው 13,874 ኪሎ ሜትር ስለሚሆኑ ከአጭሩ መንገድ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበልጣሉ፤ ትራንዚቱ ሳይቆጠር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጨማሪ በረራ ነው። በዋጋ ሁለት ትኬቶችን የሚያወዳድር ሰው ይህን ቁጥር አጠገባቸው ቢጽፈው ይጠቅመዋል።

ደረጃ 5፦ ርቀቱን ወደ በረራ ሰዓት ይቀይሩ

ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራሉ። ርቀቱን ለዚህ ፍጥነት ካካፈሉ በኋላ ለመንደርደሪያ ጉዞ፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ለእያንዳንዱ በረራ 30 ደቂቃ ይጨምሩ። 11,563 ለ900 ሲካፈል 12.85 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ «12 ሰዓት ከ85 ደቂቃ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን 0.85 በ60 ሲያባዙ 51 ደቂቃ ስለሚሆን ውጤቱ 12 ሰዓት ከ51፣ ከተጨማሪው ግማሽ ሰዓት ጋር 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው።

ይህ ነፋስ በሌለበት ነው። በእነዚህ ኬክሮሶች ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገታዋል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውን ከኋላ ይገፋዋል፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይበረታል። በመንገዱ ሁሉ ላይ እኩል ስለማይነፍስ ለግምት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ። ሲሄዱ በ840 አካፍለው ግማሽ ሰዓቱን ሲጨምሩ 14 ሰዓት ከ16 ደቂቃ፣ ሲመለሱ በ960 አካፍለው 12 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ያገኛሉ። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ልዩነት የሚፈጥረው ነፋሱ ብቻ ነው።

በደብሊን በኩል ላለው ጉዞ ሁለቱን በረራዎች ለየብቻ በ840 ያካፍሉ። የመጀመሪያው 7 ሰዓት ከ35፣ ሁለተኛው 6 ሰዓት ከ30 ይሆናል። ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ፣ መሬት ላይ ለሚቆምበት ደግሞ አንድ ሰዓት ሲጨምሩ ድምሩ 16 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይመጣል። ይህን ቁጥር በእርሳስ ከበው ይያዙት፤ በደረጃ 7 ከትኬቱ ጋር እናስተያየዋለን።

ጥንቃቄ፦ አውሮፕላን ሁልጊዜ በአጭሩ መስመር አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤፕሪል በሱዳን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘግቶ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው መስመር ደግሞ በሱዳን ላይ ስለሚያልፍ መዞር ግድ ይሆናል። በሰላሙም ጊዜ መስመሮቹ በአየር ትራፊክ ደንብ የተወሰኑ ስለሆኑ ባገኙት ርቀት ላይ ከመቶ ሁለት እስከ አምስት ቢጨምሩ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ።

ደረጃ 6፦ የሁለቱን ቦታዎች የሰዓት ልዩነት ለጉዞው ቀን ይወስኑ

በትኬት ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ክርክሩን ሁሉ የሚያመጣው ይህ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ የጋራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ የአቪዬሽን ሰዎች ዩቲሲ የሚሉትና ግሪንዊችን የሚከተለው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓቷንም አታዘዋውርም። ዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ያዘዋውራል፦

- ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ከዩቲሲ በ4 ሰዓት ይዘገያል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው።
- በቀረው ጊዜ በ5 ሰዓት ይዘገያል፤ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው።

በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ለውጥ የሚሆነው ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው እሑድ፣ ሁለተኛው ከጥቅምት 21 እስከ 28 አካባቢ ባለው እሑድ ነው። ይህን «በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት» ብለው አይሸምድዱት። የአሜሪካኖቹ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ አንዱ ወገን ሐምሌን ሌላው ጥርን እያሰበ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ በወር ስም መያዝ ይሻላል።

ለውጡ የሚደረገው እሑድ ከሌሊቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ላይ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ከቦሌ ተነስተው እሑድ ጠዋት ዱልስ ለሚያርፉ ሰዎች የሚሠራው ሲደርሱ የሚያገኙት አዲሱ ልዩነት እንጂ ሲነሱ የነበረው አይደለም። ለሌሎች ከተሞች ደግሞ፦ ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ቴል አቪቭ ሰዓቱ በተዘዋወረባቸው ወራት ከእኛ ጋር እኩል፣ በቀሩት ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አውሮፓ ሰዓቱን የሚያዘዋውረው በማርች የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በማርች አጋማሽ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ሰው እያንዳንዱን ከተማ ለየብቻ ይመልከት።

ደረጃ 7፦ ትክክለኛውን የጉዞ ሰዓት ከትኬቱ ያውጡ

ሁለቱንም ሰዓቶች ወደ ዩቲሲ ቀይረው ይቀንሱ። ለሐምሌ የምሳሌ ትኬታችን እንዲህ ይጻፋል፦

መነሻ ቦሌ 22:30፣ ሲቀነስ 3 = 19:30 ዩቲሲ።
መድረሻ ዱልስ 08:10 በማግስቱ፣ ሲደመር 4 = 12:10 ዩቲሲ በማግስቱ።
ከ19:30 እስከ እኩለ ሌሊት 4 ሰዓት ከ30፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ 12:10 ደግሞ 12 ሰዓት ከ10። ድምር 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

መልሱ፦ ከዱልስ 11:00 ሲደመር 4 = 15:00፤ ቦሌ 07:00 በማግስቱ ሲቀነስ 3 = 04:00። ከ15:00 እስከ 04:00 ያለው 13 ሰዓት ነው።

አሁን በደረጃ 5 ካከበቡት ጋር ያስተያዩ። በርቀት ያገኘነው 16 ሰዓት ከ5፣ በትኬት ያገኘነው 16 ሰዓት ከ40 ነው። የ35 ደቂቃው ልዩነት የመስመሩ መዞርና አየር መንገዶች ለመዘግየት የሚይዙት መጠባበቂያ ነው። ሁለቱ ውጤቶች ከአንድ ሰዓት በላይ ከተራራቁ አንድ ነገር ተስቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያላስተዋሉት ማረፊያ አለ ወይም የሰዓት ለውጡን ረስተዋል። ሁለቱን መንገዶች ማስላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠረዋል።

ይህ ቁጥር ከክርክር ማብረጃነት ያለፈ ጥቅም አለው። መድኃኒት በየ8 ሰዓቱ የሚወስድ መንገደኛ መቁጠር ያለበት እነዚህን 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃዎች ነው። የእጅ ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ብቻ እንዳለፈ ስለሚያሳየው እሱን ከተከተለ አንድ ሙሉ መድኃኒት ያልፈዋል።

ደረጃ 8፦ የሐበሻውን ሰዓትና ቀኑን ያስተካክሉ

ስሌቱ ልክ ሆኖ ሰው በረራውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የትኬት ሰዓት በ24 ሰዓት የሚጻፍ ሆኖ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። የእኛ ሌሊት ግን እስኪነጋ ድረስ ያለፈው ቀን ሌሊት ተደርጎ ይነገራል። የአክስቴ ልጅ ትኬቱ «15፣ 00:50» ይላል፤ ዓሥራ አምስት ዓርብ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «ዓርብ ሌሊት 6:50» ብሎ ተስማማና ዓርብ ማታ ሻንጣ ተጭኖ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ቦሌ ተደረሰ። አውሮፕላኑ ግን ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎት ነበር። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት በትኬትዎ ላይ ካዩ በወረቀት ላይ «ሐሙስ ማታ ከቤት መውጣት» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ «ሌሊት» በሚለው ቃል ብቻ አይወሰኑ።

በስልክ ለሚነጋገሩ ዘመዶች ደግሞ አንድ አቋራጭ ልስጥዎ። ልዩነቱ 7 ሰዓት በሆነባቸው ወራት ከሐበሻው ሰዓት ላይ 1 ሲቀንሱ የዋሽንግተኑን ያገኛሉ፤ ልዩነቱ 8 ሲሆን 2 ይቀንሳሉ። በሐምሌ አዲስ አበባ ከምሽቱ 4:30 ሲሆን ዋሽንግተን 3:30 ከሰዓት በኋላ ነው። ልዩነቱ ሰባት ሆኖ ሳለ አንድ ብቻ የምንቀንሰው የእኛ አቆጣጠር ራሱ ከፈረንጁ በስድስት ስለሚዘገይ ነው። ቁጥሩ ቢገጥምም ክፍለ ቀኑ ግን ስለማይገጥም የእኛ ማታ የእነሱ ከሰዓት፣ የእኛ ረፋድ የእነሱ ሌሊት መሆኑን አብረው ይያዙ። ቀኑን በተመለከተ በእነዚያ ወራት አዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት እስኪሆን ድረስ ዋሽንግተን ገና በትናንትናው ቀን ላይ ነው።

በመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» የሚል ምልክት ካዩ በማግስቱ ማለት ነው። ተቀባዩ ዘመድ የሚነገረው የመድረሻው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጂ የተነሱበት ቀን መሆን የለበትም።

ደረጃ 9፦ ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን ይደምሩ

ወደ ቦሌ መንገድ 1 ሰዓት፣ ከበረራው በፊት 3 ሰዓት፣ ጉዞው 16 ሰዓት ከ40፣ በዱልስ ፓስፖርት ለማስመታትና ሻንጣ ለመውሰድ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ መንገድ 1 ሰዓት፤ ድምሩ 23 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ተቀባዩ በዚህ ስሌት 08:10 ላይ በር ላይ መቆም የለበትም፤ መንገደኛው የሚወጣው ወደ 09:40 ገደማ ነው።

ከዱልስ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል መንገደኛ በመጀመሪያ የገባበት ማረፊያ ላይ ሻንጣውን ራሱ ተቀብሎ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ እንደገና ማስረከብ አለበት። ስለዚህ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄድ ሰው በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ3 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ቢይዝ ይመከራል። ሚኒያፖሊስ ከዋሽንግተን በአንድ ሰዓት ስለሚዘገይ የቀጣዩን በረራ ርዝመት ከትኬት ላይ ሲያነቡ ደረጃ 7ን ይድገሙ።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

- 8 ዲግሪ ከ58 ደቂቃን 8.58 ብሎ መጻፍ። ቦሌን ወደ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይገፋዋል።
- ካልኩሌተሩ በራዲያን ሆኖ ሳለ ማስላት። መፈተሻው ቀላል ነው፤ የ90ን ሳይን ሲጠይቁት 1 ካልመለሰ ቅንብሩን ይለውጡ።
- የሄዱበትን ሰዓት ለመልሱም መውሰድ። ነፋሱም ማረፊያውም ስለሚለያዩ ሁለቱ እኩል አይሆኑም።
- መነሻውን በሐበሻ፣ መድረሻውን በፈረንጅ ሰዓት ጽፎ መቀነስ። ውጤቱ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል።
- የትራንዚት ቆይታን ሁለት ጊዜ መደመር። በደረጃ 7 የሚገኘው ድምር ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ ከሆነ ትራንዚቱ ውስጡ አለ።
- ከወራት በፊት ያሰሉትን ሳያድሱ መጠቀም። አየር መንገዶች የበረራ ሰዓት ስለሚቀይሩ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ትኬቱን እንደገና አይተው፣ በጉዞው ዕለት ደግሞ የበረራ ቁጥሩን በስልክ እንደ ፍላይትራዳር ባለ መከታተያ ላይ አስገብተው የሚደርስበትን ሰዓት ያረጋግጡ።